ሦስት ክፍል ቤትና አንድ ቆጣሪ

«ጓሮዋ ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርታ ብታከራይ ምን አለባት? ተቀምጦ መብላት አይደለም ወይ?» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ ብያለሁ። የእናቴን ሦስት ክፍል ቤቶች የማስተዳደሩ ሥራ በእኔ ላይ ከወደቀ ወዲህ ግን አባባሉን ስሰማ ዝም እላለሁ። ዛሬ ዝምታዬን ትቼ ያየሁትን ላጫውታችሁ ተነሥቻለሁ። የማወራችሁ ስለ ፎቅና ስለ ሕንፃ ባለቤቶች አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ጓሮ ስላሉት፣ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ስላላቸው፣ «ሰርቪስ» እያልን ስለምንጠራቸው ክፍሎች ነው። ከእናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ ወይ አከራይ ወይ ተከራይ ናችሁና ነገሩ ሩቅ አይሆንባችሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። ከባለቤቴና ከልጄ ጋር የምኖረው ለመሥሪያ ቤቴ በሚቀርብ ሰፈር፣ በኮንዶሚኒየም አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ነው። እንግዲህ በወር መጀመሪያ በአንድ እጄ ኪራይ እየከፈልሁ በሌላ እጄ ኪራይ እቀበላለሁ ማለት ነው። ይህ አኳኋን አንዳንድ ጊዜ ያስቀኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል።

አባቴ ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። እናቴ በጊዜው ከሥራዋ በጡረታ ልትሰናበት ጥቂት ዓመታት ቀርተዋት ነበር። የጡረታ አበሏ ወንድሜንና እርሷን እንደማያኖር ስታስብ፣ ለዓመታት ስትጥል የነበረውን ዕቁብ አወጣችና ኮተቤ ባለው ግቢያችን ጓሮ ሦስት ክፍሎች በአንድ መስመር አሠራች። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት በአራት ሜትር ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በኖራ የተቀባ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። መጸዳጃ ቤቱ አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ፣ የመብራት ቆጣሪውም አንድ። አናጢው ሥራውን ጨርሶ ቁልፎቹን ያስረከበ ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። እኔ ያን ጊዜ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ጨርሼ ሥራ የጀመርሁበት ጊዜ ነበርና ደስታዋ ደስታዬ ነበር።

በዚያ ቡና ላይ ግን አንዲት የእናቴ አክስት ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ጀበናው እስኪወርድ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በኋላ «ቤት ሠርቶ ማከራየት በእኛ ቤተ ሰብ አልባረክ ብሎናል» አሉ። ሁሉም ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቅ ነበር። አክስታችን በንጉሡ ዘመን ጉለሌ አካባቢ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ከሚኖሩበት በቀር ሁለቱም ሄዱ። በዚያው አዋጅ ኪራይ እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ የኪራይ ቤቶችን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። በአንዲት ጠባብ ክፍል ከልጆቿ ጋር ተፋፍጋ፣ «ነገ ውጪ» እየተባለች ለኖረች እናት የአዋጁ ቀን የደስታ ቀን ነበር። ለአክስታችን ግን የመርዶ ቀን ነበር። በየጊዜው በዚያ መንገድ ሲያልፉ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ግድግዳው ተቦርቡሮ ያዩት ነበር። «ወሰዱት ይሁን፤ ግን ማንም ጭቃ አልመረገውም» ይሉ ነበር። ከመወሰዱ ይልቅ አለመመረጉ የሚቆጫቸው ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ቤት ማስተዳደር ስጀምር ገባኝ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ለጥቂት ሳምንታት ማጎንበስና ዕቃ ማንሣት ተከለከለች። ደብተሩን ያን ጊዜ ሰጠችኝ። ደብተር ስል የሂሳብ መዝገብ እንዳይመስላችሁ። የወንድሜ የስምንተኛ ክፍል የኬሚስትሪ ደብተር ነው፤ ከኋላው ጀምራ ትጽፍበታለች። «የዳርኛዋ ከፈለች»፣ «መካከለኛው 500 ቀረው»፣ «የሰኔን እንዳልጠይቃት ታማ ነበር» ይላል። ከዚያ በኋላ ያ 500 ይከፈል አይከፈል አይታወቅም። እናቴን ብጠይቃት «በልቤ አውቀዋለሁ» አለችኝ። በልቧ ታውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን በእርሷ ልብ ሂሳብ መሥራት አልቻልሁም።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል በወር 3 ሺህ 500 ብር ይከራይ ነበር። እናቴን «ከቤቶቹ በወር ስንት ታገኛለሽ?» ብትሏት ያለ አንዳች ማመንታት «10 ሺህ 500 ብር» ትላችኋለች። እኔም እንዲሁ አምን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በጳጉሜን ወር ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሂሳብ እነሆ። የዓመቱ ኪራይ ሙሉ በሙሉ ቢሰበሰብ 126 ሺህ ብር ነበር። አንደኛው ክፍል ሁለት ወር ባዶ ቆመ፤ አንድ ወር ደግሞ ሳይከፈል ቀረ። 10 ሺህ 500 ብር ሄደ። ለመብራት መስመር 14 ሺህ፣ ለቆርቆሮና ለአናጢ 11 ሺህ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ጉድጓድ ለማስመጠጥና ለበር ቁልፍ 6 ሺህ 400፣ በጠቅላላው 31 ሺህ 400 ብር ወጣ። ከዚህ ሌላ ከተከራዮች የምንሰበስበው የመብራትና የውሃ ገንዘብ ለእውነተኛው ክፍያ ስለማይበቃ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት እናቴ በየወሩ 800 ብር ገደማ ከኪሷ ስትጨምር ነበር። 3 ሺህ 200 ብር መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 80 ሺህ 900 ብር ቀረ። ለ12 ሲካፈል በወር 6 ሺህ 741 ብር። ግብሩ ገና አልተነሣም።

እንግዲህ እናቴ 10 ሺህ 500 ብር አገኛለሁ ብላ እያሰበች ስትኖር የነበረው ከ6 ሺህ 750 ብር በማይበልጥ ገቢ ነው። ልዩነቱ የት እንደሚገባ ስለማይታወቅ ነበር ዘወትር «ገንዘቡ በረከት የለውም» የምትለው። በረከት የለውም አይደለም። ከኪራዩ የተወሰነው ገንዘብ ከመጀመሪያውም የእርሷ አልነበረም። የቤቱ ነበር። የቆርቆሮው፣ የጭቃው፣ የሽቦው ነበር። እርሷ የቤቱን ድርሻ በየወሩ ከበላችው በኋላ ቤቱ ድርሻውን በክረምት በአንድ ጊዜ ይጠይቃታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወይ ብድር ነው፣ ወይ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘገያል። ይህን ሂሳብ ሳሳያት ብዙ ደስ አላላትም። «ያንቺ ወረቀት ቤቴን አሳነሰብኝ» አለች።

አሁን ስለ ቆጣሪው ላንሣ፤ ምክንያቱም በአንድ ግቢ ከሚነሡት ጠቦች አብዛኞቹ ሥራቸው ከዚያች ከምትሽከረከር ዕቃ ላይ ነው። በእኛ ግቢ የመብራት ክፍያ የሚሰበሰበው በአምፖል ቁጥር ነበር። አንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ምድጃ ያላት ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ያለው ይህን ያህል እየተባለ። አንባቢዬ ሆይ፣ ፍትሐዊ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የዛሬው ቆጣቢ አምፖል 9 ወይም 10 ዋት ቢሆን ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ግን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚበላውን መብራት ያቺ አምፖል ከ300 ሰዓት በላይ ብትበራ ነው የምትበላው። በዚህ ላይ የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። አራት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ማንም ብቻውን ቢሆን የማይደርስበት የዋጋ ደረጃ ላይ አብረው ይወጣሉ። ከዚያም እናቴ «እነዚህ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ያበራሉ» ትላለች፤ ተከራዮቹም «አሮጊቷ ከመብራት ታተርፋለች» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ተሳስቷል፤ ሁለቱም ወገን ግን ተቀይሟል።

የመካከለኛዋ ክፍል ተከራይ ሕፃን ልጅ ያላት ወጣት ሴት ነበረች። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ታስረክባለች። ክፍሉን ስትከራይ «ምጣድ አለሽ?» ተብላ ተጠይቃ «ለራሴ ያህል» ብላለች። ውሸት ነው ብላችሁ አትፍረዱባት። እውነቱን ብትናገር ማን ያከራያታል? እኔ ራሴ ቤት ፍለጋ ስዞር «ስንት ናችሁ? ልጁ ያለቅሳል? በሳምንት ስንት ጊዜ ልብስ ታጥቢያለሽ? እንግዳ ይመጣብሻል?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። እኔም ለሁሉም ያልሆነውን መልሻለሁ። አንድ አከራይ ባለቤቴን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀውም፤ ጥያቄው ሁሉ ለእኔ ነበር።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞላው። በመካከለኛዋና በዳርኛዋ ክፍል መካከል በጭቃው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ግሎ ማስገቢያው ቀልጦ ነበር። ሽቦው ከመጀመሪያውም ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ምጣድ ይሸከማል ተብሎ አልታሰበም። ወንድሜ ሮጦ ዋናውን ባይዘጋው ማዳበሪያው ኮርኒስ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ሕፃኑ ግድግዳው ሥር ተኝቶ ነበር።

በማግሥቱ እናቴ «ምጣዱ ከግቢ ይውጣ» አለች። ሴትዮዋ ደግሞ «እማማ፣ ምጣዱ ከወጣ እኔም መውጣቴ ነው፤ በምን እከፍልዎታለሁ?» አለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የመብራት ሠራተኛ ጠራሁ። ከዋናው ቆጣሪ ለብቻው ወፍራም ሽቦ አውጥቶ በጓሮ በኩል፣ ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሠርተንለት የምጣድ ቦታ አደረገልን። ለየክፍሉም የምትነበብ ትንሽ ቆጣሪ አስገባን። ከዚህ ቀደም የነገርኋችሁ 14 ሺህ ብር ይኸው ነው። አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ የወሩ ክፍያ 1 ሺህ 200 ብር፣ ጠቅላላ ፍጆታው 400 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን አንዱ 3 ብር ይመጣል። መካከለኛዋ 150 ካነበበች 450 ብር ትከፍላለች። ወረቀቱን በየወሩ ከቧንቧው አጠገብ ካለው በር ላይ እለጥፈዋለሁ። የዳርኛዋ ክፍል ተከራይ፣ ጡረተኛ የሆኑ አባት፣ መነጽራቸውን አድርገው ካላረጋገጡ አይከፍሉም። ደስ ይለኛል።

ይህን ሳወራ መልካም አስተዳዳሪ መስዬ እንዳልታያችሁ የሚቀጥለውን ላለመዝለል ወስኛለሁ።

በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ በድንገት ሲንር መካከለኛዋ ተከራያችን ተመታች። ጤፉን በእጅ በእጅ ትገዛለች፤ እንጀራውን ግን በዱቤ ታስረክባለች። አንድ ምግብ ቤት የአንድ ወር ገንዘቧን ይዞባት ቀረ። የየካቲትን ኪራይ ሳትከፍል መጋቢት ገባ፤ የመጋቢትን ሳትከፍል ሚያዝያ ገባ። እናቴ አልተናገረቻትም። በእናቴ አስተሳሰብ ኪራይ መጠየቅ ነውር ነው፤ ባለ ዕዳ ራሱ መጥቶ መናገር አለበት። ሴትዮዋ ደግሞ ስላፈረች እናቴን ስታይ መንገድ ትለውጣለች። ማለዳ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ማታ ትገባለች። እናቴም «ሰላምታ እንኳ ነፈገችኝ» ብላ ይበልጥ ተቆጣች። ሁለት ሰዎች በጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ሆነው ለሦስት ወር ሳይነጋገሩ ኖሩ።

በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሲመጣ የምናጠራቅምበት አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ስሄድ የሮቶው ቧንቧ በሰንሰለት ታስሮ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት አየሁ። እናቴን ስጠይቃት «ውሃው የኔ ነው» አለችኝ። ለሌሎቹ ተከራዮች ጧት ጧት ትከፍትላቸዋለች። ለመካከለኛዋ ግን አትከፍትላትም። ሕፃን ያላትን ሴት ነው። እናቴን ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ የጎረቤት ልጅ ሲታመም ሌሊት ተነሥታ አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የሮጠችውን እናቴን!

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሕፃኑ አይደለም። ትዝ ያለኝ የራሴ ነገር ነው። ልጄን በወለድሁ በሦስተኛው ወር የነበርሁባቸው አከራይ ኪራይ አምስት ቀን ስላዘገየሁ ውሃ ቆልፈውብኝ ነበር። የልጄን ጨርቅ በፕላስቲክ ቋጥሬ ወደ እናቴ ቤት ይዤ ሄጄ አጠብሁ። ያጠብሁት በዚሁ ሮቶ ነው። እናቴም በአጠገቤ ቆማ ያቺን ሴትዮ «አረመኔ» ብላ ረግማት ነበር። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔኮ ላወጣት አልፈለግሁም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ነው» አለችኝ። ቁልፉን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ሰንሰለቱን እኔ ፈታሁት።

ብዙ አከራይ እናቶች ክፉ የሚሆኑት ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ሲጀምሩ «ልጄ፣ እንደ ቤትሽ ቁጠሪው» ብለው በቃል ያስገባሉ። ገንዘብ ሲዘገይ ግን የሚይዙት ወረቀት፣ የሚጠቅሱት ቀን፣ የሚሉት ቃል የላቸውም። ያላቸው ውሃ፣ መብራትና የግቢ በር ብቻ ነው። እርሱን ይቆልፋሉ።

በዚያው ሰሞን ሁለቱን በእናቴ ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኋቸው። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ፣ መሬት መሬት እያየች ነበር። «ስንት ነው የምትችይው?» አልኋት። «በየሳምንቱ 500፤ ከወር ኪራዩ ሌላ» አለች። እናቴ «ከየት ታመጫለሽ?» ብላ በሦስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻት። ዱቤ ማስረከብ ትታ ለጎረቤት በእጅ በእጅ ልትሸጥ እንዳሰበች ነገረችን። በሁለት ቅጂ ጻፍሁት፤ ጡረተኛው አባት ምስክር ሆነው ፈረሙ። የሁለቱን ወር 7 ሺህ ብር በመስከረም ዋዜማ አካባቢ ጨረሰች። ሦስተኛውን ወር እናቴ «ለሕፃኑ ነው» ብላ ተወችላት። በሂሳቤ ላይ ሳይከፈል ቀረ ያልሁት አንድ ወር ይኸው ነው። እኔ በደብተሩ ላይ «ያልተሰበሰበ» ብዬ ስጽፍ እናቴ ሰርዛ «የተተወ» ብላ አረመችው።

ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። ወሬውን በሬዲዮ የሰማችው እናቴ በዚያው ቀን ደወለችልኝ። የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «እንደ ስልሳ ሰባቱ ሊወስዱት ነው?»

አይደለም አልኋት። ያኛው ቤቱን ወሰደ፤ ይህኛው ቤቱን አይነካም፤ ዋጋውንና ጊዜውን ነው የሚይዘው። ግን ፍርሃቷን አልናቅሁባትም፤ በአክስቷ ላይ የሆነውን አይታለችና። በበኩሌ ስለ አዋጁ ሁለት ልብ ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ተከራይ ሆኜ ሳየው በትዳሬ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ «በሚቀጥለው ወር ውጡ» እባላለሁ ብዬ ሳልሰጋ ልጄን ትምህርት ቤት አስመዘገብሁ። የእናቴ ደብተር ያዥ ሆኜ ሳየው ግን ሲሚንቶና ቆርቆሮ በየወሩ ዋጋቸውን ሲጨምሩ እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ በተባለው መጠን ብቻ ትጨምራለች። ታዲያ ማን ጭቃ ይመርጋል? የአክስታችን ቃል ትዝ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ የእኔ ልቦች እስካሁን አልታረቁም፤ አስታርቄአቸዋለሁ ብላችሁም አላታልላችሁም።

ለማንኛውም ውሉን ለማስመዝገብ ወደ ወረዳው ሄድን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ የቤቱን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ፣ ተከራይዋ ልጇን አዝላ። ተራ ስንጠብቅ ሕፃኑ በእናቴ ጭን ላይ ተኛ። ክፍያው በባንክ መሆኑ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን ይመስለኛል፤ ማን መቼ ስንት እንደከፈለ በደረሰኝ ስለሚታወቅ «ሰጥቻለሁ»፣ «አልተቀበልሁም» የሚባል ነገር ቀረ። እኔም በእናቴ ስም ሁለተኛ የባንክ ደብተር አስከፈትሁ። ኪራይ በገባ ቁጥር ከእያንዳንዱ ክፍል ሩቡን ወደዚያ አዛውራለሁ። «የቤቱ ደብተር» ነው ስሙ። ከዚያ ለበዓልም፣ ለሰርግም፣ ለእኔም ቢሆን አይወጣም። አንድ ጊዜ ወንድሜ ለስልክ መግዣ ሲለምናት ሰምቻለሁ፤ «እርሱ የቤቱ ነው፤ ቤቱን ለምነው» አለችው።

ጥገናን በሚመለከት ከስሕተት የተማርሁትን ጥቂት ልበላችሁ። ቆርቆሮ የሚታየው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሐምሌ ላይ አናጢ ብትፈልጉ ዋጋው እጥፍ ነው፣ ሰውየውም አይገኝም። ምስማሩ የገባበትን ቀዳዳ ብቻ መድፈን ሙሉ ቆርቆሮ ከመለወጥ የሚያድንበት ጊዜ አለ። በጭቃ ቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት ከላይ ከሚወርደው ውሃ ይልቅ ከሥር የሚረጨው ነው። አሸንዳ ከሌለ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። እኛ በ2016 ዓ.ም. አሸንዳ ካስገባን ወዲህ ከሥር መመረጉ ቀርቶልናል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ደግሞ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት ይመጠጥ፤ ከፈሰሰ በኋላ የሚጣላው ከተከራይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትም ጋር ነው። ክፍል ሲለቀቅም ቀለም ሳትቀቡ አታከራዩ። ገቢው ተከራይ የወጪውን ጥላሸት ይዞ ከጀመረ ግድግዳውን እንደራሱ አያየውም።

መካከለኛዋ ተከራያችን ባለፈው ዓመት ለቀቀች። እኅቷ ጋ ለገጣፎ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝታ ሁለት ምጣድ ልትጥል ነው የሄደችው። ቁልፉን ስታስረክብ የመብራቷን የመጨረሻ ንባብ ራሷ ጽፋ አመጣች። እናቴ ወረቀቱን ያለ መነጽር አየችውና «እርሱን ተይው፤ ልጁን አምጪው» አለቻት።

ክፍሉን ቀብተን ሳምንት አልሞላም፤ አንዲት ልጅ እግር ሴት ደላላ ሳትይዝ፣ ከጎረቤት ሰምታ መጣች። የሁለት ዓመት ገደማ ልጅ እጇን ይዟል። እኔ ለጥያቄ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ምጣድ አለሽ?» አለቻት።

ልጅቱ ፊቷ ልውጥ አለ። ለመዋሸት ስትዘጋጅ አየኋት፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። «አለኝ» አለች በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«እንኪያስ መስመሩ ከጀርባ ነው፤ ነይ ላሳይሽ» ብላ እናቴ በከዘራዋ እየመራች ወደ ጓሮ ወሰደቻት።